የምሽቱ ሩብ ሰዓት፦ ራስን መግዛትና የኅሊና ምርመራ



«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው የአበው ብሂል በሁላችንም አፍ የታወቀ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ሌላ ሰው ስንናገር ስለሆነ፣ ብሂሉ በተናጋሪው በራሱ ላይ ይፈጸማል። የጎረቤትን ጉድለት በዚህ ቃል ስንነቅፍ የገዛ ድስታችን በምድጃው ላይ ማረሩን ይቀጥላል። ሰው ከማንም ይልቅ ለራሱ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ ከማንም ይልቅ ራሱን ሳያውቅ ዘመኑን ሊፈጽም ይችላል።

በዚህ ትምህርት ስለ ሁለት ነገሮች እንመለከታለን፤ አንደኛው ራስን መግዛት፣ ሁለተኛው ራስን በእውነት መመርመር ነው። ሁለቱም በየቁምስናው በተደጋጋሚ ይሰበካሉ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተለያይተው ስለሚቀርቡ የሚያፈሩት ፍሬ አነስተኛ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለቱ ተለያይተው ሰውን እንዴት እንደሚጎዱ፣ በእግዚአብሔር ፊት ሲጣመሩ ደግሞ እንዴት ወደ ሕይወት ሙላት እንደሚያደርሱ ማስረዳት ነው።

1. የቃሉ ትርጉም

በቋንቋችን «ገዛ» የሚለው ግሥ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ዋጋ ከፍሎ የራስ ማድረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥልጣን ይዞ ማስተዳደር ነው። «ራሱን የገዛ ሰው» ስንል ሁለቱም ትርጉሞች ይስማማሉ። ራሱን ያልገዛ ሰው ሌላ ገዥ አያጣም፤ ቁጣ ይገዛዋል፣ መጠጥ ይገዛዋል፣ የሰው ምስጋና ይገዛዋል፣ ገንዘብ ይገዛዋል። ዛሬ ደግሞ በእጃችን የያዝነው ስልክ ከጸሎታችንና ከእንቅልፋችን ሰዓት እየቆረሰ የሚገዛን ብዙዎች ነን። ስለዚህ ራስን መግዛት ነጻነትን ማጣት ሳይሆን ነጻነትን ማስመለስ ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት (5፡22-23) ራስን መግዛትን ከመንፈስ ቅዱስ ፍሬዎች መካከል ቆጥሮታል። ይህ አቆጣጠር ሊስተዋል ይገባዋል፤ ፍሬ ዛፉ በጉልበቱ የሚያመጣው ሳይሆን ከሥሩ ሕይወትን ሲቀበል የሚገለጥ ነውና። እንግዲህ ራስን መግዛት የእኛ ጥረትና የእግዚአብሔር ጸጋ በአንድነት የሚሠሩት ሥራ ነው። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ይህ ሥራ ረጅምና አድካሚ መሆኑን፣ በአንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ እንዳልሆነ፣ በየዕድሜው ክልል እንደገና መጀመር እንዳለበት ያስተምራል።

ራስን መመርመር ደግሞ ሰው ሐሳቡን፣ ቃሉን፣ ሥራውንና ሊሠራው ሲገባ የተወውን በእግዚአብሔር ብርሃን መመልከቱ ነው። «በእግዚአብሔር ብርሃን» የሚለው ሐረግ ዋና ነው። በጨለማ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው አቧራውን አያይም፤ መስኮቱ ተከፍቶ የፀሐይ ጨረር ሲገባ ግን ንጹሕ የመሰለው አየር እንኳ በትቢያ የተሞላ መሆኑ ይታያል። ትቢያውን ያመጣው ብርሃኑ አይደለም፤ ብርሃኑ የገለጠው ነው። ኅሊናችን ሲወቅሰን ልናዝን ይገባል፤ ነገር ግን ብርሃን መግባቱን አውቀን ደስ ሊለንም ይገባል።

2. ሁለቱ ሲለያዩ

ራስን መግዛት ያለ ምርመራ ምን እንደሚሆን ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 በተናገረው ምሳሌ እናያለን። ወደ ቤተ መቅደስ የወጣው ፈሪሳዊ ሰነፍ ሰው አልነበረም። በየሳምንቱ ሁለት ቀን ይጾም ነበር፤ ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣ ነበር። በሥጋዊ ሥርዓት ቢመዘን ከብዙዎቻችን ይበልጣል። ጉድለቱ የት ላይ ነበር? በጸሎቱ ጊዜ የመረመረው ራሱን ሳይሆን በኋላው የቆመውን ቀራጭ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ጾሙና አሥራቱ መድኃኒት መሆናቸው ቀርቶ ለትዕቢቱ ስንቅ ሆኑለት።

ይህ ፈተና ከእኛ የራቀ አይደለም። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ሌሎቹን አጽዋማት ሳናጓድል የምንጾም ሰዎች ከሥጋና ከወተት ተከልክለን የወንድማችንን ስም ማጥፋት ግን እንደ ጾም መግደፍ ሳንቆጥረው እንቀራለን። ሆዳችን ሲገዛልን አንደበታችን ያልተገዛ ከሆነ፣ ጾሙ ከበሩ ገብቶ ወደ ጓዳ አልዘለቀም ማለት ነው።

በአንጻሩ ምርመራ ብቻውን፣ ያለ ተስፋና ያለ ሥርዓት ሲሆንስ? ይሁዳና ጴጥሮስ ሁለቱም በአንዲት ሌሊት ጌታቸውን በደሉ፤ ሁለቱም በደላቸውን አወቁ። ይሁዳ ገንዘቡን እስከ መመለስና ንጹሕ ደም አሳልፎ መስጠቱን እስከ መናገር ደርሷል (ማቴ. 27፡3-5)። ነገር ግን ዓይኑን ከበደሉ ላይ ስላላነሣ ተስፋ ቆረጠ። ጴጥሮስ ግን ጌታ ዘወር ብሎ ሲያየው እርሱም የጌታን ቃል አሰበና መራራ ልቅሶ አለቀሰ (ሉቃ. 22፡61-62)። ሁለቱን የለያቸው የበደሉ መጠን ሳይሆን የዓይናቸው አቅጣጫ ነው። የገዛ ቁስሉን ብቻ የሚያይ ሰው ይደነግጣል፤ ቁስሉን ለሐኪሙ የሚያሳይ ሰው ግን ይድናል።

3. ከአበው የተቀበልነው ልማድ

የኅሊና ምርመራ አዲስ ነገር አይደለም። የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስ ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠውን አንድ ምክር ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው የእንጦንስ ገድል ውስጥ እናገኛለን። ይኸውም እያንዳንዱ መነኩሴ ሥራውንና የልቡን አሳብ ለሌላው እንደሚያሳይ አድርጎ በጽሑፍ እንዲይዝ ነው። ምክንያቱም ሰው በሌላ ሰው ፊት ኃጢአትን ለመሥራት እንደሚያፍር ሁሉ፣ የጻፈውን ሌላው እንደሚያነብበት ቢያስብ ከክፉ አሳብ ይጠበቃል። ብዕሩ በወንድም ዓይን ፋንታ ይቆምለታል።

ቅዱስ አውግስጢኖስም «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ከሰው ዛፍ የእንኮይ መሰል ፍሬ፣ ማለት የፒር ፍሬ፣ መስረቁን ይተርካል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። እርሱ ግን ድርጊቱን ብቻ ሳይናገር «ለምን?» ብሎ ወደ ሥሩ ወረደ። አልራበውም ነበር፤ በቤቱ የተሻለ ፍሬ ነበረው፤ የሰረቀውንም አብዛኛውን ለአሳማዎች ጣለው። ስለዚህ የፈለገው ፍሬውን ሳይሆን ክፋቱን ራሱን እንደ ነበረ፣ ብቻውንም ቢሆን ኖሮ እንደማያደርገው፣ የጓደኞቹ ሳቅ እንደ ጎተተው ተገነዘበ። እውነተኛ ምርመራ እንዲህ ነው፤ ቅርንጫፉን ቆጥሮ አያቆምም፣ ሥሩን ይፈልጋል።

ይህ ታላቅ ሊቅ በ430 ከማረፉ ሦስት ዓመታት ያህል ቀደም ብሎ 93 ሥራዎቹን አንድ በአንድ እንደገና በመመልከት፣ ሊታረም የሚገባውን የሚያሳይ መጽሐፍ ጽፏል። ጳጳስ ሆኖ፣ በዘመኑ ሁሉ ተሰምቶ፣ ሸምግሎም ሳለ የገዛ ቃሉን ለምርመራ አቀረበ። የምናስተምር ሁላችን ከዚህ ልንማር ይገባናል።

4. የቅዱስ ኢግናጢዮስ ምሳሌ

ራስን መግዛትና ራስን መመርመር እንዴት እንደሚጣመሩ በግልጽ የሚያሳየን የቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ ሕይወት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢግናጢዮስ በ1491 በስፔን በባስክ አገር ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። በግንቦት ወር 1521 በፓምፕሎና ምሽግ ሲዋጋ የመድፍ አረር እግሩን ሰበረው። አጥንቱ በትክክል ስላልተጋጠመ ከጉልበቱ በታች ጎብጦ ወጣ። በዚያ ዘመን የነበረውን የመኳንንት ጠባብ ጫማ ለማድረግ ስለማይመቸው፣ ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን አጥንቱ ተቆርጦ እንዲወጣለት ጠየቀ። ሲቆርጡትም እጁን ከመጨበጥ በቀር ሕመሙን በምንም ምልክት አልገለጠም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ሰው ራሱን መግዛት አልጎደለውም ነበር። ጥቂቶች ብቻ የሚችሉትን ሥቃይ ታግሷል። ነገር ግን የታገሠው ለጫማ ውበት ነበር። ከዚህ የምንማረው ራስን መግዛት በራሱ ገና መልካም ምግባር እንዳልሆነ ነው። ሌባም ለሊት እንቅልፉን ይገዛል፤ ገንዘብ ወዳጅም ሆዱን ይገዛል። ጥያቄው «ራሴን መግዛት እችላለሁን?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ራሴን የምገዛው ለማን ነው?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ምርመራ ብቻ ነው።

በሕመሙ አልጋ ላይ ሳለ የፈረሰኞች ጀብዱ የሚተረክበትን መጽሐፍ ጠየቀ፤ በቤቱ ስላልተገኘ የክርስቶስን ሕይወትና የቅዱሳንን ገድል የያዙ መጻሕፍት ሰጡት። ከዚያም አንድ ነገር አስተዋለ። ስለ ዓለማዊ ክብር ሲያስብ በጊዜው ደስ ይለዋል፤ አሳቡ ካለፈ በኋላ ግን ልቡ ደረቅና ባዶ ይሆንበታል። የቅዱሳንን መንገድ ስለ መከተል ሲያስብ ደግሞ በጊዜውም በኋላም ደስታው አይለየውም። ይህ ትንሽ ማስተዋል የሕይወቱ መለወጫ ሆነ። የደስታን መልክ ብቻ ሳይሆን ቅሪቱንም መመርመር ጀመረ።

በ1522 በማንሬሳ ከተማ በተቀመጠ ጊዜ ግን ሌላ ፈተና ደረሰበት። ጾሙንና ተጋድሎውን ከልክ አሳለፈ፤ ጠጉሩንና ጥፍሩን ሳይቆርጥ ተወ። የተናዘዘውን ኃጢአት በትክክል አልተናዘዝኩም ይሆን እያለ ዘወትር ተጨነቀ፤ ሕይወቱን የማጥፋት አሳብ እስከ መምጣት ደረሰ። ሰላም እስኪያገኝ እህል አልቀምስም ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ጾመ፤ የንስሐ አባቱ ግን ጾሙን እንዲያቆም አዘዘው፤ እርሱም ታዘዘ። በመጨረሻም ይህ ጭንቀት ወደ እግዚአብሔር የሚያቀርበው ሳይሆን መንፈሳዊውን ሕይወት የሚያስጠላው መሆኑን አስተዋለ፤ የተናዘዘውን ያለፈ ኃጢአት ዳግመኛ ላለመናዘዝ ቆረጠ፤ ሰላምም አገኘ።

በማንሬሳ የጀመረው ማስታወሻ በኋላ «መንፈሳዊ ልምምዶች» የተባለው መጽሐፍ ሆነ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛም በ1548 አጸደቁት። ኢግናጢዮስ ራሱ በ33 ዓመቱ ከልጆች ጋር ተቀምጦ የላቲን ቋንቋ ለመማር አላፈረም። በ1540 የጸደቀውን የኢየሱስ ማኅበር ከባልንጀሮቹ ጋር መሥርቶ በ1556 አረፈ።

5. ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ቅዱስ ኢግናጢዮስ ያስተማረው የዕለት ምርመራ አምስት ደረጃዎች አሉት። ከመኝታ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

ሀ) ምስጋና። በቅድሚያ በዕለቱ ስለ ተቀበልነው መልካም ነገር ሁሉ፣ በስም እየጠራን እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ከበደል ሳይሆን ከምስጋና መጀመራችን ዳኛ ፊት ሳይሆን አባት ፊት መቆማችንን ያሳስበናል።

ለ) ጸጋን መለመን። በራሳችን ዓይን ብቻ ራሳችንን ብናይ ወይ እናሳንሳለን ወይ እናገንናለን። ስለዚህ በደላችንን የምናውቅበትንና የምንተውበትን ጸጋ እንለምናለን።

ሐ) ዕለቱን መቃኘት። ከተነሣንበት ሰዓት ጀምሮ በአሳብ፣ በቃልና በሥራ ያለፍንበትን በየሰዓቱ እንመለከታለን። ነጋዴው ሚዛኑን፣ የቤት አባት ለሚስቱና ለልጆቹ የተናገረውን ቃል፣ እናት ለሠራተኛዋ ያሳየችውን ፊት፣ ተማሪው ፈተናውን፣ የመንግሥት ሠራተኛው ባለጉዳይን ያመላለሰበትን ምክንያት፣ መምህረ ትምህርተ ክርስቶስ ሳይዘጋጅ የገባበትን ክፍል፣ ካህኑም በችኮላ ያሳለፈውን ጸሎት ይጠይቅ።

መ) ይቅርታ መለመን። ያገኘነውን ጉድለት ምክንያት ሳናበዛ በስሙ እንጠራዋለን። «ተቆጣሁ» ማለትና «አስቆጡኝ» ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛው ክስ ነው፤ የመጀመሪያው ኑዛዜ ነው። ከባድ ኃጢአት ካለ ወደ ምሥጢረ ንስሐ ለመቅረብ እንወስናለን።

ሠ) ውሳኔ። ለነገ አንድ የተወሰነ ነገር እንቆርጣለን። «ከነገ ጀምሮ ጥሩ ሰው እሆናለሁ» የሚለው ውሳኔ አይደለም፤ ምኞት ነው። «ነገ የበደልኩትን ባልንጀራዬን ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚለው ግን ውሳኔ ነው። ምርመራና ራስን መግዛት የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው፤ ምሽት ያየነውን ማለዳ እንተገብረዋለን።

ከዚህም ሌላ ቅዱሱ ልዩ ምርመራ የሚባለውን አስተምሯል። ሰው ድል የነሣውን አንድ ጉድለት ብቻ ይመርጣል፤ ማለዳ ሲነሣ ለመጠንቀቅ ይቆርጣል፤ እኩለ ቀንና ማታ የወደቀበትን ጊዜ በደብተሩ መስመር ላይ በነጥብ ያኖራል። ከዚያም ጠዋቱን ከከሰዓቱ፣ ቀኑን ከቀኑ፣ ሳምንቱን ከሳምንቱ ያስተያያል። የቁጣ ነጥብ ሰኞ ስምንት ኖሮ ቅዳሜ አምስት ቢሆን ይህ ታላቅ ጸጋ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው፣ ሁሉን በአንድ ቀን ለመቀየር የሚነሣ ሰው ሁሉን በአንድ ሳምንት ይተዋል፤ አንዱን የያዘ ግን ሌሎቹ ይከተሉለታል።

6. ሊገጥሙ የሚችሉ እንቅፋቶች

የመጀመሪያው ድካምና መርሳት ነው። አንድ ምሽት ቢያልፈን በማግስቱ እንቀጥል እንጂ «አንዴ ተቋርጧል» ብለን አንተው። ሁለተኛው ራስን ማታለል ነው፤ ስለዚህ ከንስሐ አባት ጋር በየጊዜው መነጋገር ያስፈልጋል። የራሱን ፊት ያለ መስተዋት ያየ ማንም የለምና። ሦስተኛው በማንሬሳ ያየነው ከልክ ያለፈ የኅሊና ጭንቀት ነው። ተናዝዞ የተሰረየለትን ኃጢአት ደጋግሞ የሚያነሣ፣ በትንሹም በትልቁም የሚሸበር ሰው ምርመራውን ማሳጠርና ለአንድ የንስሐ አባት ምክር መታዘዝ ይገባዋል። ጭንቀቱ እንቅልፍ የሚነሣና ሕይወትን የሚያስጠላ ከሆነ ደግሞ ከካህኑ ምክር ጋር ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ጉድለት አይደለም።

7. ማኅበርም ራሱን ይመረምራል

ምርመራ የግለሰብ ብቻ አይደለም። ቤተሰብ፣ የቁምስና ጉባኤ፣ ቤተ ክርስቲያንም ራሳቸውን ሊመረምሩ ይገባል። የቅዱስ ኢግናጢዮስ ስም ከአገራችን ታሪክ ጋር ስለሚገናኝ ምሳሌውን ከዚሁ እንውሰድ። ቅዱሱ በ1555 ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ ጽፏል፤ ወደ ኢትዮጵያ ለሚላኩትም የአገሩን ልማድ በለዘብታና በቀስታ እንዲይዙ መክሯል። በሚቀጥለው ምዕተ ዓመት ግን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በተለይም ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ከመጡ በኋላ፣ ይህ ምክር አልተጠበቀም። የሕዝቡ ጥምቀት፣ ክህነት፣ ጾምና ሥርዓት በትእዛዝ እንዲለወጥ ተሞከረ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ንጉሡም በ1632 የቀደመውን እምነት መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ራስን ሳይመረምሩ ሌላውን በሥርዓት ለመግዛት መሞከር የሚያስከትለውን ጉዳት ይህ ታሪክ ያስተምረናል።

ይህን የመሰለውን ያለፈ ታሪክ መሸፈን እምነትን መጠበቅ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ መጋቢት 12 ቀን 2000 በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የቤተ ክርስቲያን ልጆች የክርስቲያኖችን አንድነት በመጉዳትና እውነትን በማገልገል ስም ኃይልን በመጠቀም ስለ ሠሩት በደል የእግዚአብሔርን ይቅርታ በይፋ ለምነዋል። የቤተ ክርስቲያን ራስ የሆኑት አባት በሕዝብ ፊት እንዲህ ካደረጉ፣ ባልና ሚስት በቤታቸው፣ የቁምስናው ጉባኤም በስብሰባው «የት ላይ ጎደልን?» ብለው ቢጠያየቁ ክብራቸው አይቀንስም።

8. ፍጻሜው

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ ምንድን ነው? ጌታችን የመጣው ሕይወት እንዲሆንልንና እንዲበዛልን መሆኑን ነግሮናል (ዮሐ. 10፡10)። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ከመመለሱ በፊት በመጀመሪያ ወደ ልቡ ተመለሰ (ሉቃ. 15፡17)፤ ያ ምርመራ ነው። ከዚያም ተነሥቶ ሄደ፤ ይህ ራስን መግዛት ነው። ያለ መጀመሪያው ከአሳማዎቹ ጋር መኖሩን ሳያውቅ በቀረ ነበር፤ ያለ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ተቀምጦ ሲያለቅስ በሞተ ነበር። አባቱ ግን ገና በሩቅ ሳለ አይቶት ሮጠ። ሙላት የሚገኘው ከእኛ እርምጃ ርዝመት ሳይሆን ከአባታችን ሩጫ ነው፤ ከእኛ የሚጠበቀው መነሣት ነው።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ይህን ልማድ ለልጆች ስታስተምሩ በሦስት ጥያቄ ጀምሩ። ዛሬ እግዚአብሔርን ስለ ምን አመሰግናለሁ? ዛሬ ማንን አሳዘንሁ? ነገ ምን አደርጋለሁ? ልጁ መልሱን ለእናንተ እንዲናገር አታስገድዱት፤ ለእግዚአብሔር እንዲናገር አስለምዱት እንጂ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ በልጅነት የተለመደ ሩብ ሰዓት በእርጅና ከብዙ ጸጸት ያድናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፈሪሳዊውና ቀራጩ በእኛ ቁምስና ቢጸልዩ የትኛው ቦታ የእኔ ይሆናል? ለምን?

2. ራሴን በብርቱ የምገዛበት ነገር ምንድን ነው? የምገዛውስ ለማን ብዬ ነው?

3. በመጪው አንድ ወር በልዩ ምርመራ የምከታተለው አንድ ጉድለት የትኛው ነው?

4. በቤተሰባችን ወይም በማኅበራችን እስከ ዛሬ ስሙን ሳንጠራ የሸፈንነው በደል አለን? በማን በኩል ማንሣት ይቻላል?

መሐሪ የሆነው አምላክ ልባችንን የምናውቅበት ብርሃን፣ ያወቅነውንም የምናርምበት ኃይል ይስጠን። አሜን።